ጎህ ሳይቀድ ያለው ሐይቅ

ጎህ ሳይቀድ የምነቃ ሰው ነኝ። ሐኪሙ የዕድሜ ነው ይላል፤ ባለቤቴ የሐይቁ ነው ትላለች። ከሁለቱም ጋር አልተከራከርኩም። መከራከር ከተውኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ለምን እንደተውኩ መናገር ግን የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም።

ከታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ ካለው ቤታችን መስኮት ሐይቁ በሁለት የቆርቆሮ ጣሪያዎች መካከል ጠብቦ ይታያል። በዚያ ሰዓት ቀለም የለውም። እኔም በእውነቱ የማየው ሐይቁን ሳይሆን ስልኬን ነው። በስልኬ ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር አለ፤ በሐይቁ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ከሰዓት ወደ ሰዓት ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳይ መስመር። እሱን አያለሁ፤ እነሳለሁ፤ እቀመጣለሁ፤ እንደገና አያለሁ።

ባለቤቴ አንድ ጠዋት ከብርድ ልብሷ ሥር ሆና፣ «እኔን እንዲህ አተኩረህ ካየኸኝ ስንት ዘመን ሆነ?» አለችኝ።

«መስመሩ ደስ አላለኝም» አልኳት።

«እኔም ደስ አላልኩህ ይሆናል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አልተጨነቅህልኝም።»

 መስመሩ በእርግጥ ደስ አላለኝም ነበር፤ ያስጨነቀኝም መውረዱ ሳይሆን እንደሚጠበቀው አለመውረዱ ነበር።

መስመሩን የሚልከው ጣቢያ ደንገል በከበበው የሐይቁ ጉያ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ በርሜል የሚያክል ቢጫ ነገር ነው። ከላዩ ሰው ሁሉ ሶላር የሚለው የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ ሰሌዳ አለው፤ ከሥሩ በገመድ የተንጠለጠለ መለኪያ። ሶላሩ ቀን ባትሪውን ይሞላል፤ ባትሪው ሌሊቱን መለኪያውን ያሠራል። የሐይቅ ተመራማሪ ነበርኩ፤ ከጡረታዬ በፊት የመጨረሻ ሥራዬ እሱ ነበር። ዛሬ ምርምሩን የሚመራው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ እኔ ስጠራ ብቻ የምሄድ እንግዳ ነኝ።

ጣቢያውን እዚያ ያቆምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ጉያ የአንድ የሴቶች ማኅበር የዓሣ ማርቢያ መረቦች ይንሳፈፋሉ፤ በብረት ፍሬምና በጄሪካን የተያዙ፣ እያንዳንዳቸው አንዲት ክፍል ቤት የሚያክሉ። በመረቦቹ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ይረባል። ማኅበሩን የምትመራው ለብዙ ዓመታት በሐይቅ ዳር ዓሣ ስትጠብስ የኖረች፣ ድምፅዋ ከዳር እስከ ዳር የሚሰማ ሴት ናት። ሁሉም ሊቀመንበር ይላታል፤ እኔም እንደዚያው።

በዚያ ሰሞን ዓሦቹ ደርሰው ነበር። የማኅበሩ የመጀመሪያ ምርት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ስለነበር ሊቀመንበር ሳትሸጥ የጠበቀችው ጾሙን ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሳል፤ በየዓመቱም እየተከራከሩ ይበሉታል። እሷ በዚህ ትስቅ ነበር። «እኔ ጴንጤ ነኝ ዶክተር፤ ጾሙ የእናንተ፣ ገበያው የእኔ» ትለኝ ነበር። ከሳቋ ሥር ያለውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያ ምርት ካልተሳካ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ሴቶቹም ወደ መጡበት፣ ወደ ሰው ቤት እንጀራ ጋገራና ወደ ጉልት ይመለሳሉ።

ከዚያ ደመና መጣ፤ ያለ ወቅቱ። ከተማዋ በቀዝቃዛው አየር ደስ አላት። እኔ ግን ከወንበር ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ በር እል ጀመር።

ነገሩ ቀላል ነው። ዓይን የማያያቸው የሐይቁ አረንጓዴ ዕፀዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራሉ። ሌሊት ግን አይሠሩም፤ እነሱም ዓሦቹም ጭቃውም ያለውን ይጠቀማሉ። ስለዚህ ውኃው ከሁሉ ይልቅ የሚደኸየው ጎህ ሳይቀድ ነው። ደመናና ዝምታ ተደርበው ሲሰነብቱ፣ ነፋስም ውኃውን ካላናወጠው፣ ድህነቱ ከጠዋት ወደ ጠዋት ይብሳል፤ አንድ ጠዋት ላይ ዓሣ ይታፈናል። በመረብ ውስጥ ያለ ዓሣ ደግሞ ሸሽቶ የሚሄድበት የለውም።

የእኔ መስመር ግን በየጠዋቱ ያው ነበር። ከማምሻው እስከ ረፋዱ በለስላሳ ቅስት ይወርዳል፤ በለስላሳ ቅስት ይወጣል። ሕይወት ያለው ውኃ እንደዚህ አይሄድም። ቢያንስ እኔ ሲሄድ አላየሁም።

ወደ ተማሪዬ ቢሮ ሄድኩ። ተማሪዬ እላለሁ፤ እሱ ራሱ ተማሪዎች ያስመረቀ ሰው ነው። ወንበሩን ለቆ ተነሣ፤ አስቀመጠኝ፤ ጭንቀቴን ሰማ፤ ሳቀም።

«መቼም ዶክተር! መስመሩ ቢንቀጠቀጥ ይጨነቃሉ፤ ቢረጋም ይጨነቃሉ። አማረ ብለው ይጠረጥሩታል?»

«አዎን» አልኩት። «ከጣቢያው እንደወረደ ያለውን አሳየኝ።»

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዞረ። ቁጥሮቹ ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ነበር። የማታው አለ። የረፋዱ አለ። ከሁለቱ መካከል፣ ጎህ ሳይቀድ ባሉት ሰዓታት ትይዩ፣ ባዶ ነበር። የፊተኛውን ቀን አየን፤ ባዶ። ከዚያ በፊት ያለውንም፤ ባዶ።

«ባትሪው ሳይነጋ እያለቀ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ፕሮግራሙ የጎደለውን ከግራና ከቀኙ አስልቶ ይሞላዋል።»

«አስልቶ የሞላውን ከተለካው የሚለይ ምልክት የለውም?»

«ነበረው። ቀይ ነጥብ ነበር። ስብሰባ ላይ ሰዎች ‹ይህ ቀይ ነገር ምንድን ነው?› እያሉ ሲያስቸግሩኝ አነሳሁት።»

«ባትሪው ለምን ያልቃል?»

«ደመናው ይመስለኛል።»

«ደመናው ከመምጣቱ በፊትስ?»

ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ ወደ ኋላ አንሸራተተ። ባዶው ከደመናው ይቀድም ነበር።   ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሌሊቱ ሁሉ የሚከብደውን ሰዓት፣ ማለትም የሚገድለውን ሰዓት ማንም እየለካው እንዳልነበረ እያሰብኩ እንጀራውን ቆርሼ እንደያዝኩ ቀረሁ።

በማግስቱ ከቁም ሣጥኔ ውስጥ በእጅ የሚያዘውን አሮጌ መለኪያ አውጥቼ፣ ገና ድንግዝግዝ ሳለ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ሊቀመንበር ማታ ደውዬላት ስለነበር ጋቢ ለብሳ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ጀልባውን የሚቀዝፈው ወንድሟ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ለዓሦቹ የጠዋት ጸሎት ሊመሩላቸው ነው?»

«ዝም ብለህ ቅዘፍ» አለችው እህቱ።

«ለሙሽራዋ ሚዜ ያስፈልጋል ካላችሁ ሱፍ ለብሼ በመጣሁ።»

ጣቢያውን ሙሽራዋ ይሉታል። ስሙን ከሳምንታት በፊት ዓሣ ገበያው ላይ ሰምቼዋለሁ። ስንተክለው በጀልባዎች ታጅቦ ስለገባ ነው ብዬ ገምቼ አለፍኩ።

መጀመሪያ ወደ መረቦቹ ሄድን። ውኃው እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ስንቀርብ ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው ከንፈራቸውን ከውኃው አውጥተው ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር፤ መረቡ ሙሉ አፍ ብቻ ሆነ።

ሊቀመንበር ፊቷ በራ። «አዩዋቸው! ያውቁኛል። ስመጣ እንደዚህ ነው፤ ምግብ ፈልገው ነው።»

«እስቲ ጣይላቸው» አልኳት።

ከከረጢቱ ዘግና በተነች። መኖው በአፎቹ መካከል ተንሳፈፈ። አንድም አልነካውም። እንደገና በተነች፤ እጇ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ወንድሟ መቅዘፊያውን ጀልባው ውስጥ አስቀመጠ።

መለኪያውን ወደ ውኃው አወረድኩ። የወጣው ቁጥር ቆሮሶ እንደምንም ከሚችለው እምብዛም አይበልጥም ነበር። ጠርጌ እንደገና አወረድኩ። ያው። ከጉያው አፍ አልፈን ከደንገሉ ውጭ ባለው ክፍት ውኃ ላይ ለካሁ፤ እዚያ እጥፍ ነበር። ተመልሰን በመረቦቹ አጠገብ አንዴ ለካሁ። ያው።

ከዚያ ወደ ጣቢያው ቀዘፍን። ከሩቅ ሲታይ እንደ ሙሽራ ነጭ ነበር። ቢጫ አድርገን እንደቀባነው አስታውሳለሁ። ስንደርስ ሶላሩ ከነመያዣው ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በሲባጎ በሥርዓት ታስሮ አየሁት። ላስቲኩ ሲገዛ የጠራ ነበር ማለት ነው፤ አሁን በፀሐይ ደርቆ ነጥቷል፤ በውስጡ ላብ አዝሏል፤ በላዩ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ኩስ ተጋግሯል።

«ይህን ማን ነው ያለበሰው?»

«እኛ ነን» አለች ሊቀመንበር፣ በኩራት። «አባ ኮዳ እየቆመበት አቆሸሸው። እርስዎ ራስዎ ‹እንደ ቤታችሁ ዕቃ ጠብቁት› ብለውን አልነበር? ተዋጥተን ደህናውን ላስቲክ ነው የገዛንለት። የቤቴን ሪሞት ከገዛሁ ጀምሮ ከላስቲኩ አላወጣሁትም፤ እስከ ዛሬ አዲስ ነው።»

«ሪሞቱ አዲስ ነው» አለ ወንድሟ። «ቴሌቪዥኑ ነው የሞተው።»

ልስቅ ነበር። እኔም ቤት ያለው ሪሞት በላስቲክ ነው፤ የሶፋው ትራስ ከነላስቲኩ ዓመታት ቆይቷል፤ ባለቤቴ መኪና ቢኖረን ወንበሩን እንደዚያው ታደርገው ነበር። የምንወደውን ነገር እንሸፍናለን። «እንደ ቤታችሁ ዕቃ» ስል ምን እያልኩ እንደሆነ የሰማሁት ያን ጊዜ ገና ነበር።

ሶላሩ በላስቲኩ ውስጥ ስለሚያጣው ብርሃንና በዚህ ምክንያት ሳይነጋ ስለሚያልቀው ባትሪ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝ። ከዚያ የላስቲኩን ነገር ትታ ወደ ዋናው ሄደች።

«ታዲያ ዓሦቼስ?»

ደመናው ሊገለጥ ይችላል፤ ላይገለጥም ይችላል። ነገ ጠዋት ከዛሬ ይብሳል፤ ወይም አይብስም። በእጄ ያለው የአንድ ጠዋት ልኬት ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በሥርዓቱ አብራራሁላት፤ ምናልባት መረቦቹን ወደ ክፍቱ ውኃ ማውጣት ሊታሰብበት እንደሚገባም ጨመርኩ።

«ምናልባት?»

«ምናልባት።»

«ዶክተር፣ እኔ ምናልባትን ከመልሕቅ ጋር ማሰር አልችልም።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም። «እነዚህን መረቦች እዚህ ጉያ ውስጥ ያስገባናቸው ለምን ይመስልዎታል? ከሰዓት በኋላ እዚያ ውጪ የሚነሳውን ነፋስ አውቀዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ጸጥ ብሏል ብለው አይታለሉ፤ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ይቀድዳቸዋል። ነፋሱን እኔ አውቃለሁ፤ ኦክስጅኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ላውጣ ወይስ ልተው?»

ዘወር አልኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከአንድ ልኬት ተነሥቶ ፍርድ የሚሰጥን ሰው አላከብርም ነበር፤ ተማሪዎቼን በዚህ ቀጥቻለሁ። መረቦቹን ብታወጣና ነፋሱ ቢቀድዳቸው የሚጠፋው በእኔ ቃል ነው። ብትተውና ቢታፈኑ ግን ማንም «ዶክተሩ ተሳሳተ» አይልም፤ ምክንያቱም ዶክተሩ ምንም አላለም። ይህች ሁለተኛዋ መንገድ ምን ያህል ምቹ እንደሆነች አውቃለሁ። ብዙ ዓመት ኖሬባታለሁ። 

ዓሦቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ።

«አውጪያቸው» አልኳት።

«ዛሬ?»

«ዛሬ። አሁን።»

ከዚህ በኋላ አልጠየቀችኝም። ስልኳን አውጥታ ለማኅበሩ ሴቶች በሲዳሙ አፎ ትናገር ጀመር፤ ከተማዋን ይህን ያህል ዘመን ኖሬባት ቋንቋውን የምከተለው በግማሽ ነው፤ «ዶክተር» የሚለውን ግን ደጋግሜ ሰማሁ። ሁሉም መጡ። ጎብኚዎችን የምታንሸራሽር አንዲት የሞተር ጀልባ ለምነው አመጡ። መልሕቆቹ ተነሡ፤ መረቦቹ አንድ በአንድ፣ ከሰው እርምጃ ባልፈጠነ አካሄድ፣ ከደንገሉ መካከል ወጡ። ሴቶቹ በሁለት ጀልባ ሆነው ፍሬሞቹን በእጃቸው እየደገፉ ይዘምሩ ነበር። እኔ ዳር ቆሜ ነበር፤ ወንበር ቢያመጡልኝም አልተቀመጥኩበትም።

ደውዬለት ነበርና ተማሪዬ ከቀትር በፊት ደረሰ። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ራሱ ጀልባ ላይ ወጥቶ ላስቲኩን ፈታው። ሲመለስ አጠገቤ ቆመና፣ «ቀይ ነጥቡን እመልሰዋለሁ» አለ። ሌላ አልተነጋገርንም።

ነፋሱ እሷ እንዳለችው ዘግይቶ መጣ። የሐይቁ ፊት ተሸበሸበ፤ ከዚያ ነጣ። መረቦቹ እዚያ ውጪ ይነሣሉ፤ ይወድቃሉ። ከዳር ሆኜ ቆጠርኳቸው፤ እንደገና ቆጠርኳቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንደኛው ፍሬም ወደ ጎን ተጋደመ፤ መረቡ በመልሕቁ ገመድ ተይዞ ከጥግ እስከ ጥግ ተተረተረ። ሴቶቹ ሲጮኹ ከዳር ተሰማኝ። ጀልባው እስኪደርስ በውስጡ ዓሣ የሚባል አልቀረም።

«ሐይቁ ወሰዳቸው» አለ ወንድሟ፣ እንደረጠበ ከጀልባው ወርዶ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ይመስለኛል፣ «አይዞዎት ዶክተር፤ በእኔ መረብ ተመልሰው ይመጣሉ» አለኝ። እህቱ በጨርቅ መታችው። እኔን ግን አላየችኝም።

ያን ማታ ባለቤቴ ሻይ አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች።

ደመናው አልተገለጠም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ጉያው ስወርድ አባ ኮዳዎቹ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። በደንገሉ መካከል፣ መረቦቹ ታስረውበት በነበረው ቦታ ላይ፣ የሐይቁ የራሱ ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ይንሳፈፉ ነበር፤ ትልልቆቹም ትንንሾቹም። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ እያነከሱ በመካከላቸው ይመላለሳሉ። ከደንገሉ ውጭ፣ በክፍቱ ውኃ ላይ የቀሩት መረቦች ግን ይንሳፈፉ ነበር፤ ሊቀመንበር እዚያ ጀልባ ላይ ቆማ መኖ ስትበትን ውኃው በዓሦቹ ሽሚያ ሲፈላ ከዳር ይታየኝ ነበር።

ስትመለስ ከጎኔ መጥታ ቆመች። ሁለታችንም የሞቱትን እናያለን።

«ነፋሱን ነግሬዎት ነበር» አለችኝ።

«ነግረሽኛል።»

«እርስዎም ነገሩኝ።»

«አዎን።»

የጋቢዋን ጫፍ ጨመቀች። በዚያች በተቀደደችው መረብ ውስጥ የነበረውን ስታስብ እንደነበር አውቃለሁ፤ እኔም እሱኑ እያሰብኩ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«በየጠዋቱ የሚነሱት ይህን መስመር ለማየት ነው አሉ። ባለቤትዎ ናት የነገረችኝ፤ ገበያ ተገናኝተን።»

«እንደዚያ ነው።»

«ካዩ በኋላ ለማን ይነግራሉ?»

 «ለማንም።»

«ለእኔ ይደውሉልኛ! እኔ በዚያ ሰዓት ከእንቅልፌ ተነሥቻለሁ። ምናልባትም ቢሆን ግድ የለም፤ ምናልባት ይበሉኝ። ብቻ በጊዜው ይበሉኝ፤ ከመልሕቁ ጋር የማስረውን እኔው እፈልጋለሁ።»

የቀሩትን ዓሦች በሁዳዴ ሸጡ። ማኅበሩ አለ። ሶላሩ እርቃኑን ነው፤ በየጥቂት ቀኑ አንዷ ሴት በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ አባ ኮዳም እንደ ልማዱ ይቆምበታል። መስመሩ አሁን ከማታ እስከ ጠዋት ሳይቋረጥ ይመጣል፤ አያምርም፤ ይሰባበራል፤ አንዳንዴ ቀይ ነጥብ አለበት። በእሱ የተነሳ እንቅልፌ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም፤ ቀድሞ ባልታየኝ ነገር እጨነቅ ነበር፤ አሁን በሚታየኝ እጨነቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ብዙም አይደለም። በመስኮቱ ደመና ይታያል። ስልኩን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት፤ እንደገና አነሳሁትና ደወልኩ።

«አቤት ዶክተር» አለች፣ ጮክ ብላ። ከኋላዋ የመቅዘፊያ ድምፅ ይሰማል።

«እንደምን አደርሽ ሊቀመንበር። ምንም የለም። ትንሽ ወርዷል። ምናልባት …»

«ይበሉ» አለችኝ፤ «እየሰማሁ ነው።»